ሪሲቨሩ ዝም ያለበት ሠርግ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 2007 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ አሮን፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ይህን እየጻፍኩልዎ እንደሆነ ብታውቅ ግን እስክሪብቶውን ከእጄ ትቀማኝ ነበር። እሷ «ተይው፣ እግዜር ያየዋል» ባይ ናት። እኔ ደግሞ እሱ እስኪያይ እኔም ትንሽ ልይ ባይ ነኝ። «ውድ» ያልኩዎትም ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው፤ ሌላ እንዳይመስልዎ።

የላኩት ሰው ትናንት ሱቄ መጥቶ መልእክትዎን አደረሰኝ። ለእሁዱ ጉባኤ ሪሲቨሩን አውሺኝ ብለዋል። «ያ ተአምር የታየበት ማሽን መድረክ ላይ ይቀመጥ፤ ሕዝቡ በዓይኑ ይየው» ብለዋል አሉ። ይህን ሲነግረኝ መበየጃው እጄ ላይ ነበር፣ ጣቴን ለጥቂት ሳተኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥዬ ሳቅኩ፣ ሰውየውም ግራ ገብቶት ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። መልሴን በእሱ አፍ ልልክ አልፈለግኩም። ነገር በሰው አፍ ሲሄድ ይለወጣል፤ እርስዎ ደግሞ ነገር መለወጥ የተካኑበት ሰው ነዎት።

ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። የሚያውቁትን ነው የምነግርዎ፤ ግን እርስዎ በየመድረኩ በሚያወሩት መልክ ሳይሆን በሆነው መልክ።

እርስዎና አባቴ ኦይታ፣ ኦቾሎ ላይ አንድ ሰፈር ተወልዳችሁ፣ አንድ ጸሎት ቤት ያደጋችሁ ሰዎች ናችሁ። እርስዎ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌና የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ሆኑ፤ እሱ ሲቀላ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ። ሪሲቨሩ የጸሎት ቤቱ ነበር። ዛሬ ልጆቹ ሪሲቨር ስላቸው የዲሹ ይመስላቸዋል። ይሄኛው የድሮ የጃፓን ሥራ ነው፤ ራዲዮውንም ማጉያውንም በአንድ ሆድ የያዘ፣ ፊቱ ብርማ፣ ጎኑና ጎኑ እንጨት፣ ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞት የሚያቃስትበት። በደርግ ጊዜ ጥጥ እርሻው ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው ሄደ። ያንን ማሽን የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አባቴ ብቻ ነበር።

ሊያጸዳው ቤት ሲያመጣው ትዝ ይለኛል። ጋሽ ሚፍታ፣ የጅምላ ነጋዴው፣ ሱቃቸውን ለልጃቸው ለዙሁራ ትተው ይመጡና ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። አባቴ ቴፕ ከማሽኑ ጋር ያገናኝና የኦቾሎ ሽማግሌዎች የዘፈኑበትን ካሴት ያስገባል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው በጎን ይገባል፣ ሦስተኛው ከሥር ይይዛል፤ በተራ ቴፕ አንድ ላይ የሚንጫጫው ሁሉ በዚያ ማሽን እያንዳንዱ በየቦታው ቆሞ ይሰማል። ጋሽ ሚፍታ «ወላሂ ይሄ ዕቃ አይደለም፣ ሰው ነው!» ይላሉ። አባቴም «ጉልበት ያለው ማሽን አይጮኽም ጋሽ ሚፍታ፤ ዝግ ብሎ ሲያወራ ነው ጉልበቱ የሚታወቀው» ይላቸዋል። እርስዎም በዚያ ቤት ከአንዴም ሁለቴ ቁጭ ብለው ሰምተዋል፤ የእማዬን ቆጮም በልተዋል።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ሥራ እንምጣ። በ1996 የወንድምዎ ሠርግ ካምባ ሲሆን ማንንም ሳያስፈቅዱ ማሽኑን ከመጋዘን አውጥተው ጭነው ሄዱ። ካምባ ላይ በጄኔሬተር አስነሡት። ጄኔሬተሩ ዘለለ፣ ትራንዚስተሮቹ ተቃጠሉ። ይቃጠላል፤ ዕቃ ነው። መጥተው «ኦይታ፣ ጉድ ሠራሁ» ቢሉት አባቴ ስቆብዎ፣ ሰድቦዎት፣ ይሠራልዎ ነበር። እርስዎ ግን ሶዶ ወስደው አንዱን ችኩል ጠጋኝ ፎርጅድ አስከተቱበትና ድምፅ ሳያሰሙ ቦታው መለሱት። ይህን ሁሉ ያኔ አናውቅም ነበር። የሰማነው ከስንት ዓመት በኋላ ከራስዎ አፍ ነው።

ፎርጅዱ እስከ ጸሎት ቤቱ ዓመታዊ ጉባኤ ቆየና በመዝሙር መሃል ጭሶ ሞተ። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ከፍቶ አየና «ኦርጅናሉ ወጥቷል፣ ይሄ የተቀየረ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። እርስዎ ተነሥተው ምን እንዳሉ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ከኦይታ ኦላሎ እጅ በቀር የዚህን ማሽን ሆድ የከፈተ እጅ የለም። ወንድሜ ስለሆነ መናገሩ ይከብደኛል» ብለው አለቀሱ አሉ። አለቀሱ! አፉ ቅቤ ሆዱ ጩቤ የሚባለውን በልጅነቴ ተረት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከኅብረት ታገደ። እሱስ ይሁን። ግን ጋሽ አሮን፣ ለጠጋኝ «ኦርጅናል አውጥቶ ፎርጅድ ይከታል» ከመባል የከፋ ምን አለ? ሌባ እንኳን ይሻላል፤ ታስሮ ይፈታል። ጠጋኝ ግን ይህ ስም አንዴ ከወጣለት እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው። ሰው ሬዲዮውን ይዞ ይመጣና ከጎኑ ቆሞ እጁን ይጠብቃል። አንዷ ደንበኛችን፣ ስንት ዓመት የምናውቃት፣ የቴፗን ሆድ ዕቃ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጋበት አመጣች። አባቴ ከፍቶ ቀዩን ነጠብጣብ አየ፤ ሠርቶ ሰጣት። እሷ ስትሄድ ግን ጠረጴዛው ላይ እጁን ዘርግቶ አየው፣ አየው። ከዚያ በኋላ እነዚያም መምጣት ተዉ።

አንድ ቀን እኔን ይዞ ቤትዎ መጣ። «አሮን፣ ቁልፉ ያንተ እጅ ነው። ማን ወሰደው? ንገረኝና ለማንም አልናገርም» አለዎት። እርስዎ ትከሻውን ይዘው «ወንድሜ፣ ንስሐ ግባ» አሉት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በ2002 አባቴ ሞተ። እኔ ያኔ ቴክኒክና ሙያውን ጨርሼ ሱቁን ይዣለሁ። ያ ማሽን ጸሎት ቤቱ ጓሮ ከተሰበረ አግዳሚ ወንበር ጋር ወድቆ ዶሮ ይተኛበት ነበር። እማዬ ሄዳ ለመነች። «ባዶ ቀፎ ምን ይሠራልሻል? ውሰጂው» ብለው ሰጧት። ጋሪ ላይ ጭነን ስናመጣው እማዬ በነጠላዋ ሸፈነችው፤ ሰው እንዳያይብን ነው ወይስ አቧራ እንዳይነካው፣ ጠይቄያት አላውቅም።

ስከፍተው ወዲያው ገባኝ። አባቴ የሸማኔ ልጅ ነው፤ የውስጥ ሽቦ ሲያስር በፕላስተር አይጠቀልልም፣ እንደ አያቴ በጥጥ ክር ሸምቅቆ ነው የሚቋጥረው። ፎርጅዶቹ የገቡበት ቦታ ክሩ ተበጥሶ በጥቁር ፕላስተር ተድቦልቡሏል። አባቴ ያንን በሕልሙም አያደርግም። ግን ይህን ለማን ልበል? ክር ምስክር ሆኖ ሽማግሌ ፊት አይቆምም። «የአባቷ ልጅ ናት፣ ታዲያ ምን ትበል» ይሉኛል። ስለዚህ ዋጥ አደረግኩትና ሥራዬን ጀመርኩ።

ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰለዎ። ኮንደንሰሮቹ አብጠው ነበር፣ ሁሉንም ቀየርኩ። የዶሮውን ኩስ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። ኦርጅናል ትራንዚስተሮቹን ዙሁራ ለሱቃቸው ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ በወጣች ቁጥር መርካቶን አስሳ አንድ በአንድ አገኘችልኝ። እንጨቱን ጋሽ ሚፍታ ራሳቸው በዘይት አሹት። ሽቦውን ሁሉ ደግሞ በጥጥ ክር አሰርኩት። የጨረስኩ ዕለት ሰካሁት፣ የፊቱ መብራት በራ፣ ጥቂት ቆየና «ቀጭ» አለ፣ ከዚያ የኦቾሎ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየገቡ ዘፈኑ። ጋሽ ሚፍታ በኩታቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እማዬ ወጥ ልታይ ብላ ወጣች፤ እሳት እንኳን አልነደደም ነበር።

ወሬው ከተማውን፣ ሲቀላንም ሴቻንም ዞረ። ድምፅ የሚወድ ሰው ሁሉ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይቀር፣ ካሴቱንና ሲዲውን ይዞ እየመጣ ይሰማ ጀመር። እና ከሁሉ በኋላ ማን መጣ? እርስዎ። የልጅዎ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር። «ቤቲ ልጄ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን። ድሮም የጋራችን ማሽን ነው። ለወንድምሽ ሠርግ አታውሽኝም?» አሉኝ። የድፍረትዎ መጠን! ሱቁ ውስጥ፣ አባቴ ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀምጠው!

«በደስታ ጋሼ፤ መጥቼ ራሴ እተክልልዎታለሁ» አልኩዎት። እርስዎም መረቁኝ።

አሁን ልብ ብለው ያንብቡ፤ በየመድረኩ የሚያወሩት ታሪክ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው።

በዚያ ማሽን ውስጥ ሪሌ የሚባል አንድ ዘበኛ አለ። ሥራው ስፒከር እንዳይቃጠል መጠበቅ ነው። አጉል ኮረንቲ ከሸተተው «ቀጭ» ብሎ መስመሩን ይቆርጣል፤ ድምፅ ይጠፋል፣ መብራቱ ግን እንደበራ ነው። አጉሉ ነገር ሲሄድለት ትንሽ ቆይቶ «ቀጭ» ብሎ ይመልሳል። እኔ ምን አደረግኩ? ዘበኛውን የምታስደነግጥ ትንሽ ኮረንቲ ከባትሪ ድንጋይ በቀጭን ሽቦ አስገባሁበት፤ መሃል ላይ የበር ደወል መጥሪያ ቁልፍ አደረግኩ። ሽቦውን በምንጣፉ ሥር አሳልፌ ቁልፉን ከጫማዬ ሥር አኖርኩት። ማሽኑን ቅንጣት አልጎዳሁትም። እሱ ምን አጠፋ?

ለምን እንዲህ አደረግሽ ይበሉኝ። እርስዎ ሃያ ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ «ጎሜ የሚባል ነገር የለም፣ የአያቶቻችን ፍርሃት ነው» ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። ሰው ያጠፋውን ነውር ሸሽጎ ከኖረ በቤቱና በልጆቹ ላይ መቅሰፍት ይመጣል፣ በአደባባይ እስኪናገረው ድረስ አይለቀውም፤ ይህ አጉል እምነት ነው ይሉ ነበር። እኔ ግን የኦቾሎ ሰው የማያምነውንም ነገር እንደሚፈራ አውቃለሁ። ሌላው ቢቀር እናትዎ ይፈራሉ።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ሞልቷል። መጋቢው ተናገሩ፣ ድምፃቸው እንደ ውኃ ፈሰሰ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ሰው ሁሉ ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየ። ከዚያ እርስዎ ልጆቹን ሊመርቁ ማይክ ያዙ። «ውድ ወገኖቼ» ከማለትዎ ረገጥኩት። ቀጭ።

«መብራት ጠፋ?» አሉ። አልጠፋም፤ የማሽኑ ፊት ቦግ ብሎ በርቷል። እኔም እንደ ሰው ተነሥቼ ሽቦ ነካካሁ። ማይኩን ለመጋቢው ሰጧቸው፤ ይሠራል። ለሚዜው ሰጡት፤ ይሠራል። እርስዎ ያዙት፤ ቀጭ። ሰው ሳቀ። ሌላ ማይክ መጣ። እርስዎ ያዙት፤ ቀጭ። አሁን የሳቀ የለም።

የእናትዎን ድምፅ መቼም አልረሳውም። ከምንጣፉ ላይ በምርኩዝ ተነሥተው፣ በጋሞኛ፣ «አሮን፣ ምን አድርገህ ነው?» አሉ። እርስዎ ፈገግ ብለው «እማማ፣ ጎሜ እኮ የለም» አሉ። ከኦቾሎ የወረዱት ሽማግሌዎች ግን እጃቸውን ከመሶቡ ሰበሰቡ። የሙሽሪት አባት ብድግ ብለው «ልጄ ያልተነገረ ነገር ያለበት ቤት አትገባም። ይነገር!» አሉ። ጉድ በል ሲቀላ! ልጅዎ ከነሱፉ ደንግጦ ያይዎታል፣ ሙሽሪት ቬሏን ይዛ ታያለች። ፈገግታዎ የዚያን ጊዜ ነው የጠፋው።

መጀመሪያ ቀለል ካለው ጀመሩ። «የወንድሜን ድንበር አንድ ረድፍ እንሰት ገፍቻለሁ» አሉ፣ በባዶ ድምፅዎ። ማይኩን መታ መታ አደረጉት። እኔ እግሬን አላነሣሁም። «ለመዘምራን ልብስ ከተገዛው ጨርቅ ለባለቤቴ ቀሚስ አሰፍቻለሁ» አሉ። ባለቤትዎ «ምን?» ብለው ጮኹ፤ የለበሱት ቀሚስ ያው እሱ ነበር። ማይኩን መቱት። ዝም። እውነቴን ነው፣ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ደም አወጣሁ። እርስዎ ላብዎን ጠረጉ፣ ዓይንዎ ዳሱን ዞረና እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ኦይታ...» አሉ።

እግሬን አነሣሁ። ማሽኑ ትንሽ መቆየቱ አይቀርም፤ እርስዎም ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ «ቀጭ» አለና ድምፅዎ በአባቴ ስፒከር፣ ከዳሱ አልፎ እስከ ዋናው መንገድ፣ «ኦይታ አልቀየረውም! እኔ ነኝ! ካምባ ወስጄ አቃጥዬ እኔ ነኝ ያስቀየርኩት!» አለ። ድምፅዎ ሲመለስ እርስዎ ራስዎ ደንግጠው ማይኩን ሊጥሉት ነበር። ጋሽ ሚፍታ ለካ ቀድመው እማዬ ጋ ደውለው ስልካቸውን ወደ ስፒከሩ ይዘውላታል። እማዬ ቤት ሆና ሰማች። ማታ ስገባ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አቅፋ ያዘችኝና ብዙ ቆየች።

በሳምንቱ ሽማግሌዎችን አስከትለው፣ እርጥብ ሳር ይዘው መጥተው ደጃችን ተንበረከኩ። በእኛ አገር ሳር ይዞ የተንበረከከ ሰው አይታለፍም። እማዬ ይቅር አለች፣ እኔም ይቅር አልኩ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። የደወሉን ነገር ይዤው እቀበር ነበር።

እርስዎ ግን መች አበቁ! ከዚያ ወዲያ ምስክርነት ሥራዎ ሆነ። ጨንቻ ተናገሩ፣ ካምባ ተናገሩ፣ ሳውላ ድረስ ተጠርተው ሄዱ። «ከላይ እጅ መጥቶ አፌን ዘጋው፣ እውነት ስናገር ከፈተው» ይላሉ፤ ሰው እልል ይላል። የተመሰከረለት ትሑት ሰው ተባሉ። የበደሉትን ሰው ስሙን እንኳን ሰረቁት! ጋሽ ሚፍታ ሳውላ ለንግድ ሄደው በጆሯቸው ሰምተው ነገሩኝ። አባቴን ምን ይሉታል? «አንድ ወንድም»። አንድ ወንድም! ስም የለውም? ሲያጠፉት ጊዜ እኮ በሙሉ ስሙ ነበር፣ ከነአባቱ። ስሙን ለማጥፋት የሞላው አፍ ለመመለስ ሲሆን ጎደለ?

እንግዲህ አወቁት። አፍዎን የዘጋው እጅ አልነበረም፤ እግር ነው፣ ያውም ሠላሳ ሰባት ቁጥር ጫማ ያደረገ። የተናዘዙት ለበር ደወል ነው። በቀል የሰው አይደለም ብለው ይመክሩኝ ይሆናል፤ ስብከትዎን አውቀዋለሁ። ይህ ወጥመድ ነው ብለው ቢጮኹም ግድ የለኝም። እንሰቱንና ቀሚሱን ማንም አልጠየቀዎትም፤ የተናገሩት እውነት ስለሆነ ነው፣ የአባቴም እንዲሁ። ደወሉ ቢነገር የሚፈርሰው የእርስዎ ተአምር እንጂ የእሱ ንጽሕና አይደለም።

«ይቅር ብለሽኝ አልነበር?» ይሉ ይሆናል። ብያለሁ። ግን የእኛ ሽማግሌዎች ሥርዓት የሚለውን ያውቃሉ፤ ይቅር የሚባለው የተነገረው ነው። ያልተነገረው እዚያው ባለቤቱ ላይ ይቀመጣል። እና አንድ ያልተናገሩት አለ፣ ጋሽ አሮን።

አባቴ ሊሞት ሲል ሊጸልዩ መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ነበር። አልጋው አጠገብ ቆመው እጅዎን ግንባሩ ላይ አደረጉና፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ኦይታ፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ጸሎት ቤቱም ይቅር ብሎሃል። በሰላም ሂድ» አሉት። እርስዎ! እሱን! አባቴ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፤ እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ትንፋሽ አነሰው። እማዬን አያት፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና «አሜን» አለ። የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው። ላላጠፋው ጥፋት አሜን ብሎ ሞተ። ትራንዚስተሩን እርሱት፣ ኅብረቱን እርሱት፣ የጥፍር ቀለሙንም እርሱት። እኔ ሌሊት የሚያስነሣኝ ያ አሜን ነው።

ስለዚህ ማሽኑን አውስዎታለሁ። ለእሁድ በደስታ። ጠዋት ቀድሜ ደርሼ ራሴ እተክለዋለሁ፣ ራሴም ከጀርባው እቀመጣለሁ። እናቴ ከፊት ወንበር ላይ ትሆናለች፤ ጋሽ ሚፍታም መስማት ስለሚወዱ እመጣለሁ ብለዋል። እርስዎ ይወጡና መጀመሪያ የአባቴን ስም ከነአባቱ ይጠራሉ፤ ኦይታ ኦላሎ። ቀጥለው ንጹሑን ሰው በሞት አልጋው ላይ ሳለ ይቅር ብዬሃለሁ ማለትዎን ይናገራሉ። ካሉ ድምፅዎ ይወጣል፣ ስለ ደወሉም ከእኔ አፍ ማንም አይሰማም። «አንድ ወንድም» ካሉ ግን እረግጠዋለሁ። ከዚያ እኔው ማይኩን እይዝና ሽቦውን ከምንጣፉ ሥር ስቤ ለሕዝቡ አሳያለሁ። በዕለቱ አሞኛል ብለው እቀራለሁ ካሉም ችግር የለም፤ ማሽኑ ከባድ ቢሆንም ቤትዎ ደጃፍ ድረስ ማምጣት አያቅተኝም።

ሳር ይዘው ቀድመው ደጄ እንዳይመጡ። የምፈልገው በደጄ አይደለም፤ አባቴ የተዋረደው በሕዝብ መሃል ነው።

አንድ ነገር ብቻ፤ ማይኩን ከአፍዎ ብዙ አያርቁት። ማሽኑ አሁን ጥሩ ጉልበት አለው፤ ከኋላ የተቀመጠውም፣ ውጭ የቆመውም፣ በመንገድ የሚያልፈውም ይሰማል። እየተናገሩ ድምፁ ከበዛብዎ በእጅዎ ምልክት ይስጡኝ።

አልቀንስም።

ቤተል ኦይታ
ኦይታ ሬዲዮ ጥገና፣ ሲቀላ